ባለቶርኖው እና የሱቁ ብሎን

ሽማግሌው ባለቶርኖ ልጃቸው ምጥ ይዟት ሆስፒታል መግባቷን ሰምተው እየተጣደፉ ከግቢው ሲደርሱ፣ ዘበኛው ከሰማይ የወረዱለት ያህል ተቀበላቸው። የውሃው ፓምፕ ብሎኑ ተበጥሶ ቆሟል፤ ያንን ብሎን የሠሩት ደግሞ እርሳቸው ናቸው። ልጃቸው ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተብሏል፤ በጋኑ የቀረው ውሃ ግን አይበቃም።

የባለቶርኖው ማሽን ሞተሩ ከተቃጠለ ሦስት ቀኑ ነውና አዲስ ብሎን ማውጣት አይችሉም። ብሎናቸው ደግሞ ከማንም ዳዶ ጋር አይገጥምም፤ ሆን ብለው ጥርሱን በራሳቸው ልክ ነው የሚያወጡት። «ደንበኛ የሚታሰረው በብሎን ነው» የሚለውን ብልሃት ከአባታቸው ወርሰውታል። መቼም ክፉ ብልሃት ያለ ችግሩ አይወረስም።

የፓምፑ ቤት ውስጥ አንዲት ወጣት አጎንብሳ የተበጠሰውን ብሎን ታያለች። የሆስፒታሉን ሚዛኖች ልትመረምር ከደረጃዎች መሥሪያ ቤት የመጣች ናት፤ ጫጫታውን ሰምታ ነው የገባችው።

«ጋሼ፣ ዳዶውንም ብሎኑንም አብረን ብንቀይራቸውስ? ማዶ ካለው ሱቅ ደረጃውን የጠበቀ ይገኛል።»

«የሱቅ ብሎን? እንደ ሸንኮራ ሲቀነጠስ በዓይኔ አይቻለሁ! የልጄን ነፍስ በሱ አላስይዝም።»

«እውነትዎን ነው፤ ድሮ ይቀነጠስ ነበር። መሥሪያ ቤታችን የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። ሲጀመር ሦስት ሠራተኛ፣ አንድ ጠባብ ክፍልና አንድ የውሰት ሚዛን ብቻ ነበረው። መጀመሪያ የእህል መስፈሪያውን አስተካከሉ፣ ቀጥሎ ምስማሩን፣ ከዚያ ብሎኑን። ሰው ግን ‹ሥራ ፈቶች› አላቸው። እንዲያውም አንድ ባለቶርኖ በመዶሻ አባሯቸዋል ይባላል።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «መዶሻ እንኳ አልነበረም። መፍቻ ነው።»

ወጣቷ ሳቋን ዋጠች። «ከተባረሩት አንዱ ዛሬ አለቃዬ ናቸው። አልተቀየሙዎትም፤ እየሳቁ ነው የሚያወሩት።»

«ይሁን። ለሱቁ ብሎን ማን ዋስ ይሆነዋል?»

«አናቱ ላይ ያለው የደረጃ ቁጥር። ከፋብሪካው ናሙና እየወሰድን እስኪበጠስ እንጎትተዋለን። ካጭበረበሩ ቁጥሩን እንነጥቃቸዋለን። የእርስዎ ሥራ ጥሩ ነው ጋሼ፤ ችግሩ እርስዎ ከሌሉ እሱም የለም።»

ይሄኔ ከወዲያኛው ክፍል የልጃቸው ጩኸት ተሰማ። ሽማግሌው ዘበኛውን ገፋ አድርገው «ሩጥ! ሱቁ ለምሳ ሳይዘጋ!» አሉት።

ብሎኑ መጣ። ቀዳዳው ጥቂት ጠበበው፤ ባለቶርኖው በሞረድ አሰፉት። ዳዶው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያንገራግር እስከ ጥጉ ገባ። ፓምፑ አጉረመረመ፤ ውሃው ወጣ። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ብቅ ብላ «እናትም ልጅም ደህና ናቸው» ስትል፣ እኒያ ኮስታራ ሰውዬ ግድግዳ ተደግፈው አለቀሱ። ወጣቷን ግንባሯን ሳሟት።

ከዚያ መፍቻቸውን አንስተው ወደ ፓምፑ ተመለሱ። የቀሩትን አምስት የራሳቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትተው በሱቁ ብሎኖችና ዳዶዎች ለወጡ። የሰው እናትም ልጅም እዚሁ ይተኛሉና፤ መለኪያው የጋራ ሲሆን አንዱ ቢታመም፣ ቢርቅ ወይም ቢሞት ሥራው አይቆምም።

ዘበኛው ግራ ገብቶት፣ «እንግዲህ ሌላ ጊዜ ቢበጠስ ማንን ልጥራ?» አለ።

«ማንንም ጥራ!» አሉ ሽማግሌው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ያለ እሳቸው እንዳይሆንለት ሲለፉ ኖረው፣ ያን ቀን ግን እንደማያስፈልጉ ሲያውቁ ትከሻቸው ቀለላቸው።