እትዬ ማናለብሽን ለሦስተኛ ጊዜ ስንሸኝ

እሽ፣ ስሙኝማ! ወንበር ያላችሁ ተቀመጡ፤ ወንበር ያጣችሁ ግድግዳውን ተደገፉ። እንዳለፈው ሽኝት ኬኩን የሚደገፍ ሰው ግን አላይም።

እትዬ ማናለብሽ መጀመሪያ እንጅባራ የመጡ ቀን እኔ ሙስዐብ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ፤ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። የገበሬዎች ዩኒየናችን ከአንድ ባንክ አሮጌ ሜንፍሬም ገዝቶ ነበር። ለማታውቁት እንግዶች፣ ሜንፍሬም ማለት ቁም ሣጥን የሚያክል፣ የአርባ ሰው ሥራ የሚሠራና የአርባ ቤት መብራት የሚበላ ኮምፒውተር ነው። ይህ ጉድ ለምን እዚህ መጣ? ብርድ ስለሚወድ! የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ "የእግዜር አየር እያለ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል?" ብለው መስኮቱን አስከፈቱለት። እትዬ ማናለብሽ ስስ ሹራብ ለብሰው ገቡና ዙሪያውን አዩ።

"ማሞቂያው የት ነው?" አሉ።

"ማሽኑ ሙቀት አይስማማውም።"

"እኔስ?"

"እርስዎ ይለምዱታል።"

በማግስቱ ጋቢ ደርበው መጡ። ይኸው እስከ ዛሬ ጋቢ ደርበው ነው ሜንፍሬም የሚነዱት። ማሽኑ ክፍል ውስጥ ቆሎ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ የከለከሉት እሳቸው፣ በመሳቢያቸው ቆሎ የማይጠፋው እሳቸው። አንድ ቀን "እትዬ፣ ሕጉስ?" ብላቸው፣ "ሕጉ ለሚያንጠባጥብ ነው፤ እኔ አላንጠባጥብም" አሉኝ። ማሽኑ ሲዘገይ ደግሞ እኛን ነው የሚቆጡት። "ዝም በሉ፣ እያሰበ ነው!" እኛ ስናስብ እንዲህ የሚያስከብረን ሰው አላገኘንም።

ሥራቸው ምን ነበር? ሶርት የሚባል ፕሮግራም አለ። የገበሬውን መዝገብ በቀበሌና በስም ተራ ይደረድራል። እግረ መንገዱን በእያንዳንዱ መዝገብ ጫፍ ላይ አንድ ጽሑፍ ይለጥፋል፤ ያ ጽሑፍ በማዳበሪያ መውሰጃው ወረቀት ላይ ይታተማል። ሌላ ቦታ ቢሆን የሚለጠፈው ቀኑ ነው፣ ማከፋፈያ ጣቢያው ነው። እኛ ጋ ምን ይለጠፍ ተባለ? የሥራ አስኪያጁ ስም! ባለሙያዎቹ ይህንን "ተለዋዋጭ ጽሑፍ" ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ በዚህ ግቢ ከሥራ አስኪያጅ የበለጠ ተለዋዋጭ ነገር አላየሁም። የአሁኑ ሥራ አስኪያጃችን አቶ መሳፍንት፣ እርስዎን አይደለም፤ እርስዎ ገና ነዎት።

ነገሩ ለእትዬ ማናለብሽ ቶሎ ገባቸው። ስሙን ከፕሮግራሙ ትእዛዝ ውስጥ አውጥተው ለብቻው፣ አንድ መስመር ብቻ ባለው ፋይል አስቀመጡት። ሶርቱ ሲነሣ ከዚያ አንብቦ በየመዝገቡ ጫፍ ይለጥፋል። አለቃ ሲቀየር ያቺ መስመር ትቀየራለች፤ ሌላው አይነካም። አንድ ጊዜ ሮጬ ሄጄ "አዲስ አለቃ ተሾመ!" ብላቸው ቀና እንኳ አላሉም። "ስሙን ብቻ ንገረኝ፤ ሌላውን ማሽኑ አይፈልገውም" አሉኝ።

የመጀመሪያውን የጡረታ ሽኝት ታስታውሳላችሁ። የግድግዳ ሰዓት ሰጠናቸው፣ አለቀስን፣ እሳቸውም ዕቃቸውን ጭነው ጫግኒ ወረዱ። በሳምንቱ አዲስ አለቃ መጣ። አንድ ባልደረባችን፣ ስሙን አልጠራም፣ አጣሪ ኮሚቴውም "ጥፋተኛው ማሽኑ ነው" ብሎ ወስኗልና፣ ያቺን ባለ አንድ መስመር ፋይል ትቶ ትእዛዙን ራሱን ከፈተው። ስሙን ጻፈ፤ የሚለጠፍበትን ቦታ ግን ሳተ። ጫፍ ላይ መግባት የነበረበት ስም መጀመሪያው ላይ፣ በገበሬው ስም ላይ ቁጭ አለ። ማንም ሳያየው ታትሞ ዳንግላ ደረሰ። የመጋዘን ኃላፊያችን ዋሂዳ ደወለችልኝ።

"ሙስዐብ፣ እዚህ የተሰለፈው ሰው ሁሉ የእናንተ ሥራ አስኪያጅ ነው!"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አንድ ስም ብጠራ ሰልፉ በሙሉ 'አቤት' አለኝ!"

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ በአዊኛ ሲጮኹ ይሰማኛል። "ምን እያሉ ነው?" አልኳት።

"ሥራ አስኪያጅ ካደረጋችሁኝ አይቀር ደመወዙንም ስጡኝ፣ መኪናውንም አምጡልኝ ነው የሚሉት።"

እትዬ ማናለብሽ ተመለሱ። በሁለተኛው ሽኝት ብርድ ልብስ ሰጠናቸው፤ ያኔም የጊዜው አለቃ ዶክተር ሆኑና ማዕረጋቸው ስማቸው ፊት ይግባልኝ አሉ። ሰኞ ጠዋት ደወልን፤ ዳግም ተመለሱ። ዛሬ ስጦታ ያልገዛነው በጀት ጠፍቶ አይደለም፤ ስጦታ ሰጥቶ ሰውን መልሶ መጥራት ራሳችንን አሳፍሮን ነው።

ቆይ... አቶ መሳፍንት፣ ምን እያንሾካሾኩላቸው ነው? "ሰኞ ለአንድ ሰዓት ብቻ"? ሰምቻለሁ እኮ! እትዬ ማናለብሽ፣ እንዳይመልሱላቸው። እስክጨርስ ይጠብቁኝ።

አሁን ቀልዱን ላቁም። ገና ከመጀመሪያው ሽኝት በፊት፣ የአንድ አለቃችን ማዕረግ የረዘመ ሰሞን ወረቀቱ ላይ ቦታ ጠቦ ነበር። "የገበሬው አያት ስም ይውጣና የእኔ ይግባ" ተባለ። እትዬ ማናለብሽ ቆመው የተናገሩትን እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። "በአንድ ቀበሌ አበረ ይኸነው የሚባሉ ሦስት ገበሬዎች አሉ። የሚለዩት በአያታቸው ነው። አያታቸውን ካወጣሁት የሦስቱን ማዳበሪያ የቀደመ ይወስደዋል። አንደኛው አበረ ዓይናቸው አያይም፤ እሳቸው መቼም አይቀድሙም። የእርስዎ ማዕረግ ይጠር።" የዚያ ዓመት የደረጃ ዕድገታቸው ተዘለለ። አንድም ቀን ሲያነሡት አልሰማሁም። እትዬ ማናለብሽ፣ ያኔ ማናችንም ከጎንዎ ቆመን አንድ ቃል አልተነፈስንም፤ ዛሬ ግን በሰው ሁሉ ፊት እናመሰግንዎታለን።

ሌላም አለ። እዚያ ጥግ ሻርፕ ጠምጥመው የተቀመጡት ባለቤታቸው አቶ አወቀ ናቸው። አስም አለባቸው። የእንጅባራን ብርድ ደረታቸው አልችል ብሎ ሞቅ ወዳለው ጫግኒ ከወረዱ ስንት ዘመናቸው። ያ ብርድ የሚወደው ማሽናችን ባልና ሚስት ለይቷል። እትዬ ማናለብሽ ቅዳሜ ወርደው እሑድ ማታ ይመለሳሉ። ባላቸው ሲታመሙ በስልክ ነው የሚያስታምሙት። ሁለት ጊዜ ዕቃቸውን ጫግኒ አወረዱ፤ ሁለት ጊዜ ለሰው ስም ብለን አስጭነን መለስናቸው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

ስለዚህ ለአቶ መሳፍንት መልሱን እኔ ልስጥ። ማክሰኞ ዕለት በስምዎ ላይ አንድ ማዕረግ እንዲጨመር አዘዙ። የእትዬ ማናለብሽ ተተኪ ሕይወት ማሽኑ ፊት ብቻዋን ተቀመጠች፤ መጀመሪያ ሳተች። "ለእትዬ ማናለብሽ ደውሉ!" አሉ። ልጅቷ ምን አለችዎት?

"አልደውልም። የሳትኩት በሙከራው ፋይል ላይ ነው፤ ዋናው አልተነካም። እንዲህ አድርገሽ ሥሪ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።"

ደግማ ሠራችው፤ ወጣላት። የገበሬው ስም አለ፣ የአያቱ ስም አለ፣ የእርስዎም ማዕረግ በተረፈው ቦታ ተጨናንቆ ገብቷል። እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት የማሽኑ ክፍል በር ላይ በቀይ ማርከር ተጽፎ የኖረውን የእትዬ ማናለብሽን ስልክ ቁጥር በቤንዚን አጥቤ አጠፋሁት። አቶ መሳፍንት፣ ለሰኞ የሚፈልጉት ሰው ሕይወት ነች፤ እዚያ ቆማለች፣ እሷን ይጠይቁ።

በሉ ተነሡ፣ ብርጭቆ አንሡ! የእኔ ለስላሳ ነው፤ የእናንተን አልጠይቅም። አቶ አወቀ፣ ደረትዎን ይማርልን። እትዬ ማናለብሽ፣ ዕድሜና ጤና አይለይዎት፤ ጋቢውን ለማታ ብቻ የሚፈልጉበት አገር ይኑሩልን። ለእትዬ ማናለብሽ!

ፕሮግራሙ ከዚህ ቀጥሎ "የቦርድ ሰብሳቢው ንግግር" ይላል። የጫግኒው ሚኒባስ ግን ዕቃዎን ጭኖ በር ላይ ሞተሩን አስነሥቷል። ይሂዱ እትዬ፤ ንግግሩን እኛ እናዳምጥልዎታለን። ከእንግዲህ ከዚህ ቢሮ ስልክ ቢደወልልዎ፣ "ሁለታችሁም ደህና አደራችሁ ወይ?" ለማለት ብቻ ነው።