ወለል የሌለው ሳጥን

አናጢው አያ ጋረደው የግንቦት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ግማሽ ጆንያ አሸዋ ተሸክመው ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ዳር ወዳለው የክርስቲያኖች መቃብር ሲገቡ ሰው አገኛለሁ ብለው አላሰቡም። ሰዓቱን የመረጡትም ሰው የማይገኝበት ስለሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ከሟች ባለቤታቸው ከአይናለም መቃብር አጠገብ አንዲት ወጣት ሴት ተንበርክካ ረጅም ሽቦ በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ስትሰድ አዩ።

“ምን ጠፍቶሽ ነው?” አሉ፣ ጆንያውን ከኋላቸው አስቀምጠው። ግማሽ ጆንያ አሸዋ ግን እንደ እሳቸው ካለ ቀጭን ሽማግሌ ኋላ አይደበቅም።

“እንደምን አደሩ፣ አባባ። ምንም አልጠፋኝም። ስንጥቁ ምን ያህል እንደሚጠልቅ እየለካሁ ነው።” ሽቦውን መዝዛ አቁማ አሳየቻቸው። ከወገቧ በላይ ይደርሳል።

ልጅቱ ሶሊያና ትባላለች። ገዳሪፍ ተወልዳ፣ ካርቱም ገብታ የሕንፃ ምህንድስና ስትማር፣ መጨረሻው ዓመት ላይ ጦርነቱ አቋረጣትና በሎሪ ተጭና ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። አሁን ሁዜይፋ በሚባል ሱዳናዊ የብሎኬት ማምረቻ ግቢ ትሠራለች፤ ሰፈሩም ግማሹ በአክብሮት ግማሹ በፌዝ “ባሽሙሃንዲሳ”፣ ኢንጂነሯ ማለት ነው፣ ይላታል። አያ ጋረደው ደግሞ በወጣትነታቸው ከአርማጭሆ ተሰደው መጥተው፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሐበሻውን የሬሳ ሳጥን ሲሠሩ የኖሩ፣ የእድሩም ሰብሳቢ ናቸው። ሁለቱ የሚተዋወቁት በክርክር ነው።

የክርክሩም ምክንያት ይህ ነበር። ባለፈው ኸሪፍ፣ ዝናቡ ገዳሪፍን ጭቃ በሚያደርግበት ወራት፣ ሶሊያና ከሲሚንቶ አንድ የሬሳ ሳጥን ሠርታ፣ ለሙከራ ባዶውን ከመቃብሩ ዳር አስቀብራው ነበር። ሦስተኛው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሳጥኑ አፈሩን ገልብጦ ከጉድጓዱ ወጣ። “የሶሊያና ጀልባ” የሚል ስምም ወጣለት። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት አያ ጋረደው ነበሩ።

“ደግሞ ልትጀምሪው ነው?” አሏት። “ያች ጀልባሽ ከወጣች ወዲህ የተውሽው መስሎኝ ነበር።”

“አልተውኩትም አባባ። በምን እንደወጣች አሁን አውቄያለሁ።”

“እሱንማ እኔም አውቃለሁ። መሬት አልቀበልም ብላ ተፋቻት።”

“ውሃው ነው ያነሣት። ጎኗም ወለሏም ክዳኗም ድፍን ነበር፤ ውስጧ አየር ብቻ። ባዶ ጀሪካን ከድነው ውሃ ውስጥ ቢደፍቁት ተመልሶ ይወጣ የለም? እኔ ሲሚንቶ ከባድ ነው ብዬ ተማምኜ፣ ሒሳቡን ሳልሠራ ቀበርኳት። ስሕተቱ የራሴ ነው።”

አያ ጋረደው ለሌላ ፌዝ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ይህን ሲሰሙ ግን ፌዙን ተዉት። “ስሕተቱ የራሴ ነው” ማለት ለሃያ አራት ዓመት ሰው ብዙ አይከብድም። አርባ ዓመት በአንድ ሙያ ተከብሮ ለኖረ ሰው ግን ከጉሮሮ የማይወጣ ቃል ነው፤ አያ ጋረደውም በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

“እንግዲያው ተይው” አሉ ቀስ ብለው። “ሰውን በእንጨት መቅበር የአባት የእናት ወግ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ሳጥኑን ይሸከማል፤ ምስማሩ ሲመታ ዘመድ አልቅሶ ይወጣለታል። እንጨቱም ጊዜው ሲደርስ በስብሶ ሟቹን ለአፈር ያስረክበዋል። አንች ግን በድንጋይ ከልለሽ ልታስቀምጭው ነው።”

“ጊዜው ሲደርስ ያሉት ስንት ዓመት ነው፣ አባባ?”

“እንደ እንጨቱ ነው።”

“በዚህ በዋልካ አፈርስ? በበጋ እንዲህ ተሰንጥቆ ምስጡን ወደ ታች የሚያስገባ፣ በኸሪፍ ደግሞ አብጦ የሚጨፈልቅ አፈር ነው። ደጋ ላይ ሠላሳ ዓመት የሚቆይ ጣውላ እዚህ ስንት ይቆያል?” ከዚያም ሶሊያና ልትጠይቅ ያላሰበችውን ጠየቀች። “ያ አሸዋ ለማን ነው?”

ሽማግሌው ተቆጡ። አንች ማን ነሽና ትጠይቂኛለሽ፣ አስተዳደግሽ እንዲህ ነው ወይ፣ አባትሽን አላውቀውም ወይ ብለው ጮኹ። እሷም አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው እንጂ አልሄደችም። ጩኸቱ ሲያልቅባቸው ጆንያቸው ላይ ቁጭ አሉ።

“ለአይናለም ነው” አሉ። “በኸሪፍ ትሰምጥብኛለች፣ በበጋ ትሰነጠቅብኛለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ሰው ሳያየኝ መጥቼ እሞላላታለሁ። ለእሷ የሠራሁት ሳጥን በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ጣውላውን መፋዛ ከሚባለው ከተማ መንገድ መርጬ አስመጣሁ፤ አንድም አንጓ የለበት። አንድ ኸሪፍ አልፎ ሁለተኛው ሲመጣ ክዳኑ ተደርምሶ አፈሩ ላይዋ ላይ ወደቀ። እንግዲህ የመጨረሻው ልፋቴ ይህ ነው። አርባ ዓመት አብራኝ የተሰደደችን ሴት በሰላም የምትተኛበት ቦታ እንኳ ልሠራላት አልቻልኩም።”

ሶሊያና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ኸሪፉ ሊገባ ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ቀርቷል። ያ ውሃ ዘንድሮም መጥቶ አይናለም ላይ መተኛቱ አይቀርም፤ ሁለቱም የሚያስቡት ይህንኑ ነበር።

“ከሲሚንቶ አንድ ልሥራላቸው፣ አባባ። ካህናቱ ፈቅደው ዐፅማቸው ይፍለስ።”

“አይሆንም! በድንጋይ ማሰሮ ከድኜ አላስቀምጣትም፤ ሰው እኮ ናት፣ ቅቤ አይደለችም! ጀርባዋ አፈር መንካት አለበት። ወለሉን ካላስቀረሽው በቀር እኔ የለሁበትም!”

ይህን ያሉት ነገሩን ለመዝጋት ነበር። ሶሊያና ግን ብድግ አለች።

“ወለሉን ምን አሉ?”

“አልሰማሽም? ወለል ያለው ነገር አልፈልግም አልኩ።”

“ወለሉ ከቀረ እኮ አትንሳፈፍም!” አለች፤ በእጇ አየር ላይ ሳጥን እየሠራች። “ውሃው ከሥር ይገባል፣ በክዳኖቹ መጋጠሚያ አየሩ ይወጣል፤ የሚያነሣት ነገር የለም። ውሃው ሲጠፍም በገባበት ይመለሳል። ጎኑና ክዳኑ አፈሩን ከላይ ይሸከማል፤ እሳቸው ደግሞ መሬቱ ላይ ይተኛሉ። ያረቢ! ዓመት ሙሉ ሳወርድ ሳወጣ ከርሜ እርስዎ በአንድ ቃል ጨረሱት።”

“እኔ እንኳ አይሆንም ማለቴ ነበር” አሉ አያ ጋረደው ግራ ገብቷቸው።

ከዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንበል። የተማረ ሰው ወግን ሲያይ ብዙ ጊዜ እንደ እንቅፋት ሊያነሣው ይቸኩላል፤ ሽማግሌም ትምህርትን ሲያይ እንደ ሌባ በሩን ይዘጋበታል። አያ ጋረደው የተከራከሩት ስለ አፈሩ ክብር ነው፤ በዚህም እውነት ነበራቸው። ሶሊያና የተከራከረችው አፈሩ ሙታን ላይ እንዳይደረመስ ነው፤ በዚህም እውነት ነበራት። ባይገናኙ ኖሮ ሁለቱም እውነታቸውን እንደያዙ አይናለም ውሃ ውስጥ ትከርም ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌው ሁዜይፋ ግቢ ሄዱ። “ለማየት ብቻ ነው” ብለው በር ላይ አስጠነቀቁ። ሁዜይፋ ክርክሩን ከሶሊያና ሰምቶ ነበርና ሳቀ።

“ወላሂ ጋረደው፣ እኛ ሙስሊሞችስ ሟቻችንን የምናሳርፈው አፈር ላይ አይደለም እንዴ? ጡቡን የምንደረድረው ከጎንና ከላይ ነው። ስንት ቀብር አብረኸኝ ቆመህ ዛሬ ነው ያየኸው?”

“አይቻለሁ” አሉ አያ ጋረደው። “ግን የእናንተ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።”

ሶሊያና ሥራዋን ዘርግታ ነበር። ሳጥኑ እንደ በፊቱ አንድ ወጥ ሆኖ አይፈስም፤ አሥር ቁራጭ ሆኖ ተሠርቶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገጣጠማል። ለሁለቱ ጎን አራት፣ ለራስጌና ለግርጌ ሁለት፣ ለክዳን አራት። ጎኖቹ ለስላሳው አፈር ውስጥ እንዳይሰርጉ ከሥር ሰፋ ብለው ጠጠር ላይ ይቆማሉ። አያ ጋረደው ዞር ዞር ብለው አዩና ማዕዘኑ ላይ ጎንበስ አሉ።

“ይህ ብረት ምንድን ነው?”

“ቁራጮቹን የሚያያይዝ ነው፣ አባባ።”

“ባሽሙሃንዲሳ! በዋልካ ውስጥ ብረት ቀብረሽ? ዝጎ ሲያብጥ ሲሚንቶሽን ይሰነጥቀዋል። ካርቱም ይህን አላስተማሩሽም?” ፊታቸው በደስታ በራ። “አንዱ ጠርዝ እንደ ምላስ ወጣ ይበል፣ ሌላው ቦይ ይኑረው። አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። የቁም ሳጥን በር የምሠራው እንዲህ ነው፤ ምስማር አያሻውም።”

“እንዲህ ያለ ጠርዝ እንዲያወጣ ሲሚንቶው የሚፈስበትን የእንጨት ቅርጽ ማን ይሠራልኛል?”

“እኔ አለሁ አይደል?”

“አንድ ቅርጽ ከሠሩ ዘይት እየቀባን ሠላሳም አርባም ሳጥን እናወጣበታለን።”

አያ ጋረደው ቁጥሩን በልባቸው ደገሙት። ከአንድ ቅርጽ አርባ ሳጥን! እሳቸው አርባ ዓመት የጠረቡት፣ የላጉት፣ ጠርዙን በጣታቸው የዳበሱት ጣውላ ሁሉ ከመሬት በታች የምስጥ ቀለብ ሆኗል። ከእንግዲህ የሚሠሩት እንጨት ከመሬት በላይ ውሎ ያድራል ማለት ነው። በዚያው ሳምንት መጋዝና መላጊያቸውን አምጥተው ግቢው ውስጥ ሥራ ጀመሩ።

የእድሩ ስብሰባ የሥራ ዕረፍት በሆነው በዓርብ ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተደረገ። አያ ጋረደው እንደ ወትሮው ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም፤ ቆሙ።

“ወገኖቼ፣ ልነግራችሁ የሚገባኝን ነገር ሁለት ዓመት ደብቄያችኋለሁ። የአይናለም ሳጥን ተደርምሷል። በእጄ የሠራሁት፣ ከሁሉ የመረጥኩት ሳጥን ነው የተደረመሰው። እሱ ካልቆመ ለእናንተ የሠራኋቸውም አልቆሙም። መቃብሩ ሲሰምጥ ቆፋሪው ሰንፎ ነው ስላችሁ ኖሬያለሁ። የሰነፈ የለም። እንጨቱ ለዚህ አፈር አይሆንም፤ አውቄ ዝም ያልኩት ለስሜ ሳስቼ ነው።”

ከኋላ በኩል መብርሂት ተነሣች። ከትግራይ ተሰዳ ከካምፕ ወደ ከተማው የገባች ሴት ናት፤ እናቷን ዐምና በዚሁ መቃብር ቀብራለች።

“የእናቴስ?” አለች።

አያ ጋረደው ዓይን ዓይኗን አዩአት። ሊያለሳልሱት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። “የእናትሽም፣ ልጀ። ይቅር በይኝ።”

“ወይ ኣደየ!” ብላ በትግርኛ እናቷን እየጠራች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እምባየ፣ “ጋረደው፣ አንተም ከጀልባዋ ጋር ተሳፈርክ?” ብለው ሊያስቁ ሞከሩ። የሳቀ የለም።

“ጀልባዋ ቀርታለች” አሉ አያ ጋረደው። “ይህኛው ወለል የለውም። ሟቹ እንደ አባቶቻችን አፈር ላይ ይተኛል፤ ሲሚንቶው ከላይና ከጎን አፈሩን ይሸከምለታል። ምስጥ አይበላውም። በኸሪፍ ሎሪ ጭቃ ውስጥ ሲቀር ስንት ጊዜ ሳጥን ይዘን መንገድ ላይ ቆመናል? ቁራጩን ግን ሁለት ሰው ተሸክሞት ይገባል። አስቀድሞ ተሠርቶ ስለሚቀመጥ ሰው በሞተ ቁጥር ጣውላ ፍለጋ አንሯሯጥም፤ በዚህ ባለቀ ጫካ ላይም መጥረቢያ አናነሣም። ወጉ ደግሞ ምንም አልቀረበትም፤ ጎረቤት ይሸከማል፣ ዘመድ ያለቅሳል። ማሳየት ስላለብኝ የመጀመሪያው የአይናለም ይሁን። ከቆመ ትከተሉኛላችሁ፤ ካልቆመ በእኔ ይሳቅ።”

ካህናቱ ፈቀዱ። ዐፅሙ በጸሎት ሲነሣ ጉድጓዱ ውስጥ የወረዱት ራሳቸው አያ ጋረደው ነበሩ። ሶሊያና ከላይ ሆና እየለካች፣ ጎኖቹ አንድ በአንድ ወርደው ምላሱ በቦዩ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው በመዳፋቸው መሬቱን ዳብሰው ጠጠር ለቀሙ፤ ለአልጋ የሚደረገውን ያህል አስተካከሉት። ከዚያ አይናለምን በነጭ ሸማ እንደተጠቀለለች አፈሩ ላይ አሳርፈው ወጡ። ክዳኖቹም ሲገጠሙ ሥራው አልተዛነፈም።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ኸሪፉ ገባ። ሁለት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን የእድሩ ሰዎች ጭቃውን እስከ ጉልበታቸው እየረገጡ መቃብሩ ደረሱ። ብዙው መቃብር ሰምጧል፤ የመብርሂት እናት መቃብር ኩሬ ሆኖ ውሃ ቋጥሯል። የአይናለም አፈር ግን እንደተደለደለ ነው። አልሰመጠም፣ አልተነሣም። ሶሊያና ሽቦዋን ሰድዳ ክዳኑን ነካች፤ ልክ ባስቀመጡበት ጥልቀት ላይ ነበር።

“ተኝታለች” አሉ አያ ጋረደው። “ዘንድሮ እንኳ በሰላም ተኝታለች።” በሰው ሁሉ ፊት አለቀሱ፤ አላፈሩም።

እምባየ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ “ለእኔም ቁራጮቹን አስቀምጥልኝ፤ አልቸኩልም ግን” አሉ።

የአያ ጋረደው ዓይን ግን ወደ ኩሬው ሄዶ ነበር። መብርሂት ከዳሩ ቆማለች። ቀረብ አሏት።

“ውሃው ሲጠፍ፣ መሬቱ ሲረገጥ፣ የእናትሽ ተራ ነው። ቅርጹ ዘይት ተቀብቶ ተዘጋጅቷል።”

“እኔም ልሸከም፣ አያ” አለች መብርሂት።

“ለአንድ ክዳን ሁለት ሰው ይበቃዋል” አሉ። “አንዱ እኔ ነኝ፤ አንዷ አንች።”