የፈለግከውን እጅ አንሳ

ከካዛንቺስ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ላሉ እናት ያወራል።

«ጭንቅላቴ ላይ ማግኔት አስጠግተው ‹ቀጭ ሲል የፈለግከውን እጅ አንሳ› አሉኝ።»

«ምን አሞህ ነው ልጄ?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ። ተመራማሪዎቹ ለአንጎል ጥናት ጤነኛ ሰው ነው የሚፈልጉት።»

«ጤና በዝቶብህ ነዋ! አመመህ?»

«ምንም። በኋላ ግን ‹አብዛኛውን ጊዜ እጁን የመረጠልህ ማግኔቱ ነው› አሉኝ።»

«አልታወቀህም?»

«እኔ የመረጥኩ ነው የመሰለኝ።»

እስጢፋኖስ ጋ ስንደርስ ተሳፋሪው አማተበ። የልጁ እጅ ግንባሩ ላይ ቀረ።

«እማማ፣ አሁንስ ያነሳሁት እኔ ነኝ?»

«ዝም ብለህ አማትብ ልጄ።»

«መርጬ ነበር ማማተብ የምፈልገው።»

እኔም ያማተብኩበትን እጄን በሌላው እጄ አጥብቄ ይዤ፣ በልቤ ግን ራሴ መርጬ ተመስገን አልኩ።