ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን

ከክሊኒክ ስመለስ አባባ ሻርሼንን ወንዙ ዳር አገኘኋቸው፤ ፈረሳቸውን ያጠጣሉ። ፈረሱ ከጠገበ ቆይቷል፤ ቤት መግባት ያልፈለጉት እሳቸው ናቸው። እኔ ነርስ ነኝ፣ ጎረቤታቸውም ነኝ፣ አፌ ደግሞ አያርፍም።

«አባባ፣ እማማ ቡሩልቻ ነገ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ዕቃ እየሸከፉ ነው። ያውቃሉ?»

«ትሂድ። እዚያ የሚያጫውታት አለ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ፈረስ አለኝ።»

ክረምት ላይ አባትና ልጅ ከናሪን ከተማ በላይ ባለው ተራራ በጎች ሲነዱ የበረዶ ናዳ ወንድ ልጃቸውን ቲሌክን ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም። በእኛ አገር ሬሳ ከሌለ የሐዘን ድንኳን አይተከልም፤ ድንኳን ከሌለ ደግሞ አልቃሽ አይመጣም። አባት አራት ወር ትንፍሽ አላሉም። እናት ናዳ እንደወሰደው እንጂ ልጃቸው እንዴት እንደሞተ አያውቁም።

«ለምን አይነግሯቸውም?»

«ወንድ ሐዘኑን በሆዱ ይይዛል። ማውራት ልጄን ከበረዶ ያወጣዋል? ተምራችሁ መጣችሁና ወሬ መድኃኒት ነው አላችሁን!»

«ትምህርት ቤት አይደለም የተማርኩት። አጎቴ ሲሞት በሩቁ ከፈረስ ወርደው ‹ወንድሜን!› እያሉ የጮኹት ማን ነበር? ያኔ ማን ሳቀብዎት?»

«እዚያ ድንኳን ነበር፣ ሬሳ ነበር። እኔ የት ሄጄ ልጩህ?»

«ሬሳ ባይኖር ሐዘኑ የለም? ይኸው እንቅልፍ ነስቶዎታል!»

ልጓሙን እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። ድምፃቸው ሲወጣ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ጓንቴ ወደቀ። ‹አባባ፣ ቆይ ላምጣልህ› ብሎ ተመለሰ፤ ናዳው እዚያው ደረሰበት። ለጓንት! እናቱ ይህን ብትሰማ ገዳይ አትለኝም?»

«አላውቅም» አልኩ፤ መዋሸት አልሆነልኝም። «ዝም ሲሏቸው ግን እማማ ምን ያስባሉ?»

ፈረሱን ይዘው ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። ግቢያቸው በር ላይ በትራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና «ልጄን! ልጄን!» ብለው ጮኹ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ ለካ ሁሉም ሲጠብቅ ኖሯል።

አባባ የጓንቱን ነገር ሲነግሯቸው እማማ ቡሩልቻ ቆመው ሰሙ። ይረግሟቸዋል ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ሬሳ ባይኖርም ድንኳን ተተከለ፤ ሽማግሌዎቹም አልከለከሉም። ማውራት ልጅ አይመልስም፤ በዚህስ አባባ ልክ ነበሩ። ዝም ያለ ሰው ግን ሐዘኑን የደበቀ ይመስለዋል እንጂ፣ በእጥፍ ለሌላው ማሸከሙ ነው። እማማ ያን ዕለት በር ላይ ያሉትን ልንገራችሁ፤

«እኔ እኮ በረዶ ሥር ሆኖ ስንት ቀን ሲጠራን የሞተ መስሎኝ ነበር። አንተ አንዴ ያየኸውን ሞት፣ እኔ ብቻዬን ስንቴ ሞትኩት!»