የሠዓሊ ገረመው ዋለልኝ ዜና ሕይወትና አሥራ ሁለተኛው ሥዕላቸው

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ሐዘናችንን ለመካፈል የመጣችሁ ወገኖችና እንግዶች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው ሠዓሊ ገረመው ዋለልኝ ከአባታቸው ከመሪጌታ ዋለልኝ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩዓለም በላይ በ1948 ዓ.ም. በበጌምድር፣ እስቴ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ድጓ የሚያስተምሩ፣ ከማስተማሩ በተረፋቸው ጊዜም የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ የሚሥሉ ሊቅ ስለ ነበሩ፣ ልጃቸው ፊደል ሳይጨርሱ ቀለም መበጥበጥን፣ ዳዊት ሳይደግሙ የቅዱሳንን ፊት መንደፍን ተማሩ። ከአባታቸው የተቀበሉት የመጀመሪያ ሕግም፣ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ይሣላል የሚለው ነበር። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን ቢኖር፣ ከዚህ ሲወጣ በግድግዳችን ላይ ያለውን የጸሎተ ሐሙስ ሥዕል ቀና ብሎ ይመልከትና ይሁዳን ከሐዋርያት ጋር ያስተያየው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ታቦር ፈጽመው፣ አዲስ አበባ በሥዕል ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምረው በማዕረግ ተመረቁ፤ ዘመኑ ግን የደርግ ነበርና የተመደቡት የአብዮት በዓል ሰሌዳዎች በሚዘጋጁበት ክፍል ሆነ። እዚያም ከውጭ አገር በመጣ ንድፍ መሠረት ሦስቱን ጢማሞች ወደ ጎን አዙረው፣ እያንዳንዳቸውን በአንድ ዓይን ሥለው በአደባባይ አቆሙ። ለሕክምና የመጡት አባታቸው ሰሌዳውን ባዩ ጊዜ፣ «ልጄ፣ እንዲህ ደፋር መሆንህን አላውቅም ነበር» ብለው ሳቁ፤ ሳቁም ከሰፈር ሰፈር ዞሮ ከአንድ ካድሬ ጆሮ ደረሰና ሠዓሊው አሥራ አራት ወር ታሰሩ። ካድሬዎቹን ለማመስገን አይደለም፤ ሆኖም ሥዕል ማንበብ ያውቁ እንደ ነበር መመስከር ተገቢ ነው፤ ወደ ፊት እንደምንሰማው ይህ ችሎታ ለተማረ ሁሉ የተሰጠ አይደለምና።

ከእስር እንደ ወጡ በ1976 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግረው፣ በካርቱም የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፉ አራት ዓመት ከቆዩ በኋላ ወደ ካናዳ መጡና በፓርክዴል ከሦስት ወገኖቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ኑሮ ጀመሩ። ጥቂት ጊዜ በምግብ ቤት ዕቃ ካጠቡ በኋላ በዚሁ ከተማ በሚገኝ አንድ የሥዕል አዳራሽ መጋዘን ተቀጥረው ሃያ አንድ ዓመት ሠሩ። ሥራቸው የሌሎችን ሥዕል መጠቅለል፣ በሣጥን ማሸግ፣ መፍታትና መስቀል ነበር። ሚስማሩ የት እንደሚመታ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚወርድ፣ የትኛው ሥዕል ከየትኛው አጠገብ ቢሆን እንደሚጣላ ያውቁ ነበርና የአዳራሹ አለቆች እርሳቸውን ሳያማክሩ የሞሉት ግድግዳ ጥቂት ነው፤ ስማቸው ግን በአንዱም የመክፈቻ ወረቀት ላይ ሳይወጣ ሥራውን ለቀቁ።

በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጠጂቱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ኢስት ዮርክ ቤት ይዘው ጽዮንንና ማቲን ወለዱ። ወይዘሮ ጠጂቱ በአረጋውያን መጦሪያ እየሠሩ ቤቱን ሲያቀኑ፣ ባለቤታቸው በእረፍት ቀናቸው ሳሎኑን በሥዕል ሞልተው ለእንግዳ መቀመጫ ያሳጡ ነበር፤ ወይዘሮ ጠጂቱም፣ «እስቲ ቅዱሳኑ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን» እያሉ ወንበር ይፈልጉ እንደ ነበር ያን ቤት የረገጣችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ።

የሠዓሊ ገረመው ምኞት ማስተማር ነበር። ለአንድ ኮሌጅ ሦስት ጊዜ አመልክተው ሦስቱንም ጊዜ ማስተርስ ከሌለዎት አይሆንም ስለ ተባሉ፣ በኃምሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ስሙን በዚህ ቅዱስ ቦታ መጥራት በማያስፈልግ ዩኒቨርሲቲ፣ የስቱዲዮ ሥዕልና የኪውሬተር ሙያ በሚባለው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ገቡ። ኪውሬተር ማለት፣ ለማታውቁት፣ የሌላውን ሥራ መርጦ የሚያሰቅል፣ ካሰቀለም በኋላ ከሥዕሉ የሚረዝም ጽሑፍ ከጎኑ የሚለጥፍ ባለሙያ ማለት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ስለ ሥዕል መነጋገር እንጂ መሣል እምብዛም አይወደድም። ከክፍል ጓደኞቻቸው አንዷ ከልብስ ማድረቂያ ማሽን ያወጣችውን ብናኝ በብልቃጥ በብልቃጥ አድርጋ አቅርባ፣ ክፍሉ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ጊዜና ስለ ሰውነት ሲራቀቅበት ከዋለ በኋላ፣ ሠዓሊ ገረመው አስተያየት ተጠይቀው፣ «ቢያንስ በእጇ ሰብስባዋለች» አሉ፤ በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ለልጅቱ የሚጠቅም ቃል ይህ ብቻ እንደ ነበር እናምናለን። ሥዕል ስለ መስቀልም አንድ ሙሉ ኮርስ ወሰዱ። መምህሩ ሚስማር መትቶ የማያውቅ ሰው በመሆኑ መስቀል አሳብ ነው እያለ አስተማራቸው፤ ተግባር በመጣ ጊዜ ግን መሰላሉን የወጡት ተማሪው ነበሩ፣ መሰላሉን የያዘም አልነበረም።

ለመመረቂያቸው በእንጨት ገበታ ላይ አሥራ አንድ ሥዕሎች ሠሩ። በስካርቦሮ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ የሚጠብቁ ጽዳት ሠራተኞች፣ በኤርፖርት ተራ የያዙ የታክሲ ነጂዎች፣ በኢሚግሬሽን ቢሮ ቁጥራቸው እስኪጠራ የተቀመጡ እናቶች፣ ሁሉም እንደ ቅዱሳን ፊታቸውን ሙሉ ሰጥተው የሚያዩ ነበሩ፤ ዛሬ እዚህ ካላችሁት ራሱን በዚያ ያገኘ ብዙ ነው። ሥዕል ብቻውን አይበቃም ተብሎ ስድሳ ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለ ተጠየቀ፣ በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የተማረው፣ አሁንም የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው እሸቱ፣ እርሳቸው በአማርኛ የተናገሩትን ተርጉሞ ጻፈላቸው። ከዚያም የሦስት መምህራን ኮሚቴ ተቀምጦ ፊቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸውን፣ ይህም የተወረሰ ልማድ እንጂ ምርምር አለመሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ እርስዎ ራስዎ በሥዕሉ ውስጥ የት አሉ ሲል ጠየቃቸው። ሠዓሊ ገረመውም፣ «እኔማ ከፊቱ ቆሜ እየሣልኩ ነበር፤ እኔ ውስጥ ከገባሁ ማን ይሣለው?» ብለው መለሱ። ኮሚቴው አልሳቀም፤ አላሳለፋቸውምም። ሙት ወቃሽ አያድርገን እንላለን፤ እነዚህ ሦስቱ ግን ለክብራቸው በሕይወት አሉ።

በዚያው ክፍል የኪውሬተርነቱን ዘርፍ የሚያጠና፣ በዘጠኝ ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር መጥቶ ስካርቦሮ ያደገ፣ ዛሬ ዶክተር የሆነው ልጃችን በርናባስ ነበር። በዚያ በጋ ወደ ኢስት ዮርክ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሥራዎቹን ለእኔ ቴሲስ ኤግዚቢት ላድርጋቸው፤ እርስዎ ኮላቦሬተሬ ይሆናሉ» አላቸው፤ ሥዕሉ የእርስዎ፣ መመረቂያው የእኔ ማለቱ ነው። ሠዓሊ ገረመው ፈቀዱ፤ ልጁ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ገበታው፣ ስለ አባታቸው ሕግ ሲጠይቅ እርሳቸው ሲመልሱ፣ በስልኩ ሲቀዳ ክረምቱ ደረሰ። አሥራ ሁለተኛውን ሥዕል የሠሩት በእነዚያ ወራት ነው። ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ሆነው፣ ጣቶቻቸውን በወረቀት ክምር ላይ ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ዓይን ተቀምጠዋል፤ መካከለኛዋ ሴት በክንዷ ሰፊ የብር አምባር አድርጋለች። ማን እንደሆኑ ለመለየት ያን ኮሚቴ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ኤግዚቢሽኑን የሰቀሉት ሠዓሊ ገረመው፣ የፈረመበት በርናባስ ነው። የኮሚቴው ሦስት አባላትም በመክፈቻው ቀን መጥተው አሥራ ሁለተኛውን ሥዕል ከሁሉ አብልጠው ወደዱት፣ ከፊቱም ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ለትምህርት ክፍሉ ኮሪደር እንዲሰጣቸውም ለመኑ። ሠዓሊው የሥዕሉን ነገር ሊነግሯቸው አፋቸውን ሲከፍቱ በርናባስ ክንዳቸውን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ አይሁን፤ ገና አላሳለፉኝም» አላቸው። እርሳቸውም ለልጁ ሲሉ ዝም አሉ። ሥዕሉም ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ፤ ከጎኑም፣ የዞሩት ፊቶች የስደተኛውን የናፍቆት እይታ ይገልጻሉ የሚል የበርናባስ ጽሑፍ ተለጠፈ።

ያልተሰጣቸው ዲግሪ ለበርናባስ ተሰጠ። አሥራ አንዱ ሥዕሎች ለሣላቸው ልማድ፣ ላሰቀላቸው ምርምር ሆኑ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፣ ልጁ በጽሑፉ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባለ አንድ ዓይን ፊት የክፉ ሰው ምልክት ነው ብሎ በእጁ መጻፉ ነው። ሦስቱ ምሁራን ያን መጽሐፍ አንብበናል ብለው ፈርመዋል። ገጽ ሠላሳ አንድ ድረስ እንዳልዘለቁ ግን ኮሪደራቸው ራሱ ምስክር ነው፤ በየማለዳው ቡና በወረቀት ኩባያ ይዘው በገዛ ፍርዳቸው ሥር ሲያልፉ እነሆ ዘጠኝ ዓመት ሞላቸው፤ እንግዳ ሲመጣም እየመሩ ያሳያሉ።

ሠዓሊ ገረመው ባለፈው ዓመት በቆሽት ካንሰር መታመማቸው ታውቆ ሲታከሙ ቆዩ። በሆስፒታል ሳሉ ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ መጣ፤ የቀድሞው ውሳኔ እንደገና ታይቶ ዲግሪው እንዲሰጣቸው ተወስኗል ይላል። ያን ያነሣሣው በርናባስ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ወንድማቸው ደብዳቤውን በንቀት አጣጥፎ ሊያስቀምጠው ሲል፣ አምጣው ብለው ሁለት ጊዜ አስነበቡት፤ መነጽራቸውንም አስጠርገው ሦስተኛውን ራሳቸው አነበቡ። ያን ወረቀት ይፈልጉት ነበር። እኛ የናቅነውን ያህል እርሳቸው ይፈልጉት እንደ ነበር ሳይነገር ቢቀር ይህ ዜና ሕይወት ሐሰት ይሆናል። በዘጠነኛው ቀን፣ የዲግሪው ወረቀት ራሱ ሳይደርስ፣ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ወረቀቱ ዛሬ ደርሷል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ይዘውት መጥተው በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ባለ አምባሯ እርሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ሆኖ የምናነበውን በጆሯቸው የሚተረጉምላቸው ዶክተር በርናባስ ነው።

በዚህ ጉዳይ ቤተሰቡ ትናንት ተማክሯል። ይህን የሚያነበው ወንድማቸው ወረቀቱ ወደ መጣበት ይመለስ አለ፤ ልጆቹም፣ «አባዬ ይፈልገው ነበር፤ ጀስት እንቀበልና ይለቅ» አሉ። ከሁሉ በኋላ ወይዘሮ ጠጂቱ እንዲህ ብለው ቆረጡ፦ «ገሬ እንዲያገኘው እፈልጋለሁ። ግን አውቀው ከሰጡት ነው። ሳያውቁ ከሰጡትማ ለሌላ ሰው ነው የሰጡት።»

ስለዚህ በርናባስ፤ እስካሁን ካነበብነው የዘለልኸው እንዳለ እንገምታለን፤ አንፈርድብህም፣ ከዚያ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል። አሁን ግን ሥዕሉ ምን እንደሚል፣ መካከለኛዋ ማን እንደሆኑ፣ የለጠፍኸው ጽሑፍ ሐሰት መሆኑን፣ ጋሽህ ዘጠኝ ዓመት ለማን ብለው ዝም እንዳሉ ለእንግዳችን በሙሉ ንገራቸው። ከሰሙ በኋላ ወረቀቱን ለወይዘሮ ጠጂቱ ቢሰጡ ተነሥተን በሁለት እጃችን እንቀበላለን፤ በቦርሳቸው መልሰው ቢይዙትም እስከ መኪናቸው በክብር እንሸኛቸዋለን። አንተ እስክትጨርስ ንባቡ እዚህ ላይ ይቆማል።

*

ሠዓሊ ገረመው ዋለልኝ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጠጂቱ ጋር ሠላሳ ሦስት ዓመት በትዳር ኖረዋል። ልጆቻቸውን ጽዮንንና ማቲን፣ የልጅ ልጃቸውን ሩቲን፣ ወንድማቸውን እሸቱን፣ በአገር ቤትም በርካታ ዘመዶቻቸውን በሐዘን ትተው ሄደዋል። ልጄ ይሉት የነበረው በርናባስም ከሟች ቤተሰብ ተቆጥሯል፤ አሁን የተናገረው ምንም ይሁን ምን፣ ጨርሶ ዝም ብሎም እንደሆነ፣ ስሙ ከዚህ ዝርዝር እንዳይወጣ ወይዘሮ ጠጂቱ አዝዘው ጸሓፊው ሳይወድ ታዝዟል።

የእጅን ሥራ ያለ ጽሑፍ የሚያውቅ እግዚአብሔር የአገልጋዩን የገረመውን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለቀረነው ለእኛም ይቅር የምንልበትን ልብ፣ ዛሬ ባይሆን በጊዜው፣ ይስጠን። አሜን።