ካሜራው ላንተ፣ ካሴቷ ለእሷ

— ሄሎ… አቤት… አባዬ? አንተ ነህ እንዴ? ቁጥሩ የማን ነው ታዲያ?… የደንበኛ? ሰው ቴሌቪዥን ሊያሠራ መጥቶ ስልኩንም ትወስድበታለህ?… እሺ፣ ካርድ የለህም፣ ገባኝ። ቆይ ወደ መስኮቱ ልጠጋ፣ እማዬ ስፌት ላይ ነች፣ መኪናው አያሰማም።

— አሁንስ? ትሰማኛለህ?… መልእክቴ ደረሰህ ማለት ነው። ጠዋት ነው የላክሁልህ እኮ፣ አሁን ምሳ ተበልቶ ዕቃ ሁሉ ታጥቧል።

— አይ፣ ማንም አልታመመም። የታመመችው የቪዲዮ ካሴቷ ነች። ያቺ ትንሿ… እህቴ ሰባት ዓመቷ እያለ የቀረጽካት። አዎ፣ ጸጉሯን የተቆረጠች ቀን። «ቅዳሜ ሠርጌ ላይ በትልቁ ስክሪን ካልታየ ሞቼ እገኛለሁ» ብላለች። ሙሽራን ደግሞ ምን ትላታለህ፣ እሺ ነው። ይኸው ሐሙስ ደረሰ። ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው፣ ግን የሚወጣው ነገር ሰው አይመስልም።

— እንዴት ልንገርህ… ከለሩ መቶ ጊዜ የታጠበ ከነቴራ ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። በየመሃሉ ይዘላል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ እሱንም እንዴት እንደማስተካክለው አላወቅሁም… እሺ፣ አንድ በአንድ። ቃጭል ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተ፣ ቀስ ብለሽ አውሪ የምትለኝም አንተ።

— ካሜራውን በሦስቱ ገመድ ነው ያገናኘሁት። ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ… ለምን? እሱ አይደል ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው?… እና ሌላ ገመድ አለ? ቆይ የካሜራው ካርቶን ውስጥ ልይ… ጥቁር ቀጭን፣ አንዱ ጫፏ ጢኒጥ ያለ፣ ሌላው ወፈር ያለ? አለች። የት ነው የምትገባው?… ከኋላ። ጠረጴዛ ሥር መግባቴ ነው በለኛ። ስልኩን በትከሻዬ ልያዘው… ኧረ አቧራው። አባዬ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ይሄን ኮምፒውተር ከኋላው ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም።

— ካሜራው የፎቶ ቤቷ ሴትዮ ነው፣ አዋሰችኝ። የኛማ አንተ ጋ አይደል… አልወቀስኩህም። ያለውን ነው የተናገርኩት። ስትለያዩ ካሜራው ላንተ፣ ካሴቷ ለእሷ፣ ኮምፒውተሩ ለእሷ፣ ሬዲዮው ላንተ። ማን እንዳካፈላችሁ እንጃ፣ ድስቱን ለአንዱ ክዳኑን ለሌላው ነው የሰጠው።

— አዎ፣ መኪናው ቆመ። ጆሮዋ እዚህ ነው። — ምንም እማዬ፣ ስለ ገመድ ነው የምናወራው። — ስፌቱን ቀጠለች።

— ገመዷ ገባች። ኮምፒውተሩም ካሜራ አገኘሁ አለ። ልጫን?… ኦ… አባዬ፣ የድሮው ቤታችን ግድግዳ አረንጓዴ ነበር እንዴ? እኔ እስከ ዛሬ ግራጫ ነው የምለው። ማበጠሪያውም የለም። በአንዲት ገመድ?

— ቆይ፣ ገና ደስ አይበልህ። አሁን ካሬ ካሬ ሆነ። በቢጫውም ነበረ፣ ግን ደብዝዞ ብዙም አይለይም ነበር። ግማሽ ፊቷ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ… የእህቴ ጆሮ አገጯ ላይ ነው። ድምፁም ይዋጣል። «ቀጥ በ… አትነቃ…» ትላለህ፣ ከዚያ ጭልጥ።

— የት ነው የምገለብጠው? ፍላሽ ላይ… ለምን አይሆንም?… ይሄ ሁሉ ነገር እየፈሰሰ ፍላሹ ቀርፋፋ ነው፣ አይደርስበትም። እሺ፣ የራሱ የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ… ሌላ የተከፈተ ነገር? ሙዚቃ ብቻ። እና አንዲት ጌም… በቃ ዘጋሁ፣ ሁሉንም ዘጋሁ። ቆይ ልየው… አዎ፣ መዝለሉ ቀረ። ካሬው ግን አልቀረም።

— የካሜራው ራስ? የሚያነበው ክፍል ማለትህ ነው… ጥጥና አልኮል እዚህ አለ፣ ልጥረገው?… እሺ አልነካም። ቀስ በል፣ ደንበኛህ ይደነግጣል። ማጽጃ ካሴት ሰጥታኛለች ሴትዮዋ… አሥር ሰከንድ ብቻ? እኔ ጠዋት አንድ ደቂቃ ሙሉ… እሺ፣ እሺ፣ አይደገምም።

— እሱንም ሞክሬዋለሁ። የራሷን ካሴት አስገብቼ አይቻለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች መዋኛ ዳር ሲንጫጩ ነው፣ የውሃው ጠብታ ሳይቀር ይቆጠራል። ካሜራው ጤነኛ ነው። የኛዋም አልተቀደደች፣ አልሻገተች። ለየብቻ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አብረው ሲሆኑ ነው የሚበላሹት።

— ከስክሪኑ ጥግ? ቀን አለ። ሰዓት አለ። ከሱ በላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል አለ… ኤል እና ፒ። ምንድነው?… ምን አጠፋሁ ደግሞ?… አንተ? አንተ ምን አጠፋህ?

— የመጨረሻዋ ካሴት ነበረች… እሺ… እንዳታልቅብህ ብለህ በኤልፒ፣ በቀስታ እየዞረች ቀረጽክባት፣ የአንድ ሰዓቷ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲገባ። አጣቦ ጻፈ ማለት ነው፣ እንደ ፈተና አጤሬራ… እና አስተካክሎ የሚያነበው የጻፈው ካሜራ ብቻ ነው? የሴትዮዋም ያው አንድ ዓይነት እኮ ነው… እሺ። የሐኪም ጽሑፍ በለኛ። ሐኪም ቢሆንም ሌላው አያነበውም።

— የጻፈው ደግሞ አንተ ጋ ነው ያለው። ይሠራል?… መደርደሪያ ላይ? አልሸጥከውም? እማዬ ሸጦታል ነው የምትለው። — እማዬ፣ አልሸጠውም። — መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነው። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

— ላምጣልህ? ቆይ ልጠይቃት። — እማዬ፣ ካሴቷን ሱቁ ድረስ ልውሰዳት? ለአንድ ሰዓት ነው… — አባዬ፣ «ካሴቷ ከዚህ በር አትወጣም» ትላለች… ለምን እንደሆነማ፣ «ካውያዬንም ለአንድ ቀን ነበር የወሰደው» ትላለች… — መልሼዋለሁ ይላል እማዬ… — «ያለ ገመዱ» ትላለች።

— እኔ ምን አውቄ። አራት ዓመት ሙሉ ያለ ደሞዝ አስተርጓሚ ነኝ፣ ሁለታችሁም ደግሞ የምትናገሩት አንድ ቋንቋ ነው።

— በቃ ካሜራውን እኔ መጥቼ ልውሰደው… አልጥለውም። አንዴ ነው የጣልኩት፣ ያኔም አሥር ዓመቴ ነበር… የካሴት ክዳኑ? ከዚያ ወዲህ አይያዝም?… በአውራ ጣት ተጭነው ካልያዙት ካሴት ይተፋል። ታዲያ እኔ አውራ ጣት የለኝም?… ላላ ካለ የካሴቷን ክር ያኝከዋል። እሺ። ጠበቅ ካለ ይቆማል። እሺ። የት ጋ፣ ምን ያህል እንደሚጫን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

— ስንት ደቂቃ ነው የምትጫነው? ጸጉሩ ያለው ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ነው፣ ወደፊት አስሩጠን… አይቻልም? አርጅታለች፣ ከመጀመሪያዋ አንስቶ አንዴ፣ በዝግታ። አርባ ደቂቃ በለው። እንግዲህ ልድገመውና ስህተት ካለ አርመኝ፦ ካሴቷ አትወጣም፣ ካሜራው ያለ አንተ አይሠራም። ስለዚህ እህቴ ጸጉሯን በስክሪን እንድታይ አንተ እዚህ ሳሎን ውስጥ አርባ ደቂቃ ቁጭ ብለህ ክዳን ትጫናለህ።

— መኪናው? ቆሟል። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደገባ ነው የቆመው።

— እስክታስብ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሠላሳ አንድ ላይ ከእህቴ ኋላ የተንበረከከ ሰው አለ። ፊቱ ሙሉ ለሙሉ ካሬ ነው፣ እጁ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ይዟል… አንተ? እንዴት አንተ ትሆናለህ፣ ቀራጩ አንተ አይደለህ?… እማዬ? ካሜራውን የያዘችው እማዬ ነች?

— እና ያ መንቀጥቀጥ… ከሳቅ ነው? እየሳቀች ስለቀረጸችው ነው? አባዬ፣ እኔ እኮ ከትናንት ጀምሮ መንቀጥቀጡን ላጠፋ ስታገል ነው የዋልኩት። ከኋላ አንዲት ሴት የሆነ ነገር ትጮሃለች፣ አልሰማ ብሎኝ ነው እንጂ… ምን እያለች ነው?… የጨርቅ መቀሷን ነው እንዴ የወሰድከው? ለጸጉር?

— እማዬ፣ በጨርቅ መቀስሽ ነው እንዴ ጸጉሯን የቆረጠው?… — «ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐር አይቆርጥልኝም» ትላለች… አይ፣ አልተቆጣችም። የቁጣዋን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ይሄ ሌላ ነው። አሃ፣ በዚያ ዓመት የትምህርት ቤት ፎቶ ላይ የእህቴ የግንባር ጸጉር ደረጃ ደረጃ የሆነው ለዚህ ነው። እኔ «ፋሽን ነበር» ስባል ነው ያደግሁት።

— እማዬ፣ ምን ልበለው?… ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው እማዬ… በሠርጉ ቀንም እኮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ናችሁ፣ እንደ መለማመጃ ቁጠሪው። — እያሰበች ነው፣ አትዝጋው። ስፒሎቹን ከአፏ እያወጣች ነው። አንድ… ሁለት… ብዙ ነው የጎረሰችው።

— እሺ፣ ስማ። «ነገ ለልክ ሰው ይመጣል፣ የሚመጣ ከሆነ ዛሬ ይምጣ» ትላለች… አሥር ሰዓት። ሱቁን ትዘጋዋለህ?… ሰውየው ቴሌቪዥኑን ነገ ይውሰድ፣ ስልኩን ያዋሰ ሰው ይሄን አይከለክልህም።

— ጫማህን በር ላይ አውልቅ። ወለሉ ላይ ነጭ ጨርቅ ነው የተዘረጋው፣ የቬሎው ነው። እጅህን በሳሙና፣ የሱቁን ጥቁር ይዘህ እንዳትመጣ። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ ሌላው ሁሉ ስፒል አለበት… እኔ ከየት አመጣዋለሁ፣ እሷ የምትለውን ነው የምነግርህ።

— ደግሞ የካውያውን ገመድ ይዘህ እንድትመጣ… ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አላውቅም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ብቻ አምጣው፣ ከነገመዱ ና።

— ድምፁን? እስከ ትናንት «ድምፁን አጥፊና ዘፈን አድርጊበት» ነበር ትእዛዟ። — እማዬ፣ ድምፁን ላጥፋው? የእሱም ያንቺም አለበት… — ትከሻዋን ነቀነቀች። አላጠፋውም ማለት ነው። ካሬው ከጠፋ ድምፁም ይጠራል አይደል?… ሁሉም? ጩኸቱም ሳቁም? ጥሩ።

— ቆይ አትዝጋ፣ አንድ ነገር ጨምራለች… «መቀሴን አስቀድሜ እደብቃለሁ በይው» ትላለች… አባዬ? ምን አልክ?… ሄሎ?… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?…

— የሰውየው ካርድ አለቀ መሰለኝ እማዬ… አይ፣ የመቀሱንማ ሰምቷል። እየሳቀ ነው የተቋረጠው።