ራም አለኝ በሰማይ

«ዛሬ ነፋሱ ደግ ነው፣ አይደል ሒክማ? ከሐይቁ በኩል ሲመጣ እኮ ደስ ይላል። እምቦጩም ቀንሷል አሉ። ምሳ በላሽ? ... ተይው፣ እኔም አልበላሁም።»

ጥዑመ ልሳን ወንበሩን ወደ ሒክማ አስጠግቶ ነበር፤ ድምፁን ግን ፋሲሎ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቢሯቸው ሦስተኛው ጠረጴዛ ድረስ እንዲደርስ አድርጎ ለቀቀው። እዚያ የተቀመጠው የቡድኑ ኮድ ጸሐፊ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቷል። ሙዚቃ እንዳልከፈተ ሁለቱም ያውቃሉ። በመጪው ቅዳሜ ቆጋ ወርዶ ለገበሬዎች የሚታየው የመስኖ ተራ ነጋሪ መሣሪያ አልነሣ ብሏል፤ ጥፋቱም «የሒክማ ብየዳ ነው» ተብሎ ለአለቃቸው ለጋሽ ሀብተ ሥላሴ ተነግሮባት፣ ልጅቱ ከቡድኑ ለመውጣት አንድ ቀን ቀርቷታል።

«ስለ ብየዳሽ ሰማሁ፣ እታለም። ሦስት ጊዜ ነቅለሽ ሦስት ጊዜ በየድሽ፣ ጣትሽም ተቃጠለ... ግን የተማረ ሰው ካለ ልክ ነው። የተማረ ይግደለኝ! ቺፕም ይገድላል ብሎ የነገረኝ ባይኖርም። እኔማ ምን አውቃለሁ፣ ከዩቲዩብ የለቃቀምሁ...

«እስቲ ልጠይቅሽ፣ ማወቅ ስለምወድ ነው። የመሣሪያው ቺፕ ሁለት ቤት አላት፣ አይደል? ፍላሽ የሚሏት ሰፊዋ ናት፤ የማይለወጥ ነገር እዚያ ይቀመጣል፣ መብራት ቢጠፋም አይነቃነቅ። ራም ጠባቧ ናት፤ ስምንት ኪሎ ባይት፣ ስምንት ሺህ ባይት በይው፣ ሥራ መሥሪያ ብቻ። እና... ፊደል ይለወጣል እንዴ? አባቴ አርባ ዓመት ፊደል ሲያስቆጥር ‹ሀ› አንድ ቀን እንኳ ‹ለ› ሆና አላደረችም። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል፣ እያንዳንዱ በሠላሳ ሁለት ባይት ተሥሎ፣ ከሰባት ሺህ ባይት በላይ! ‹ኮንስት› የምትል፣ ‹አይለወጥም› ማለት የሆነች አንዲት ቃል ከፊቱ ብትጻፍ ሁሉም ሰተት ብሎ ፍላሽ ቤት ይገባ ነበር። አንዳንድ ሰው ግን ቸር ነው፤ ገበታውን እንዳለ ጠባቧ ቤት አጎረው። ፊደል ቢያከብር አይደል?

«ከዚያ ለሁሉም ቦታ ቦታውን የሚያድለው ሊንከር ጮኸ፤ ‹ራም በ1,212 ባይት ሞልቶ ፈሰሰ› አለ። እኔና አንቺ ብንሆን ደንግጠን ምን እንደሞላት እንፈልግ ነበር። አእምሯችን ጠባብ ነዋ! አንዳንድ ሰው ግን ሆደ ሰፊ ነው... የሊንከሩን ስክሪፕት፣ በይ የቺፗን የይዞታ ደብተር፣ ከፈተና ስምንት የሚለውን ሃያ አደረገው። አለቀ! የቆጋ ገበሬ ለአንድ ክንድ ድንበር ሲካሰስ ያረጃል፤ ይኸ ሰው በአንድ ጣት መሬት ፈጠረ። ድንበር ገፊ እንዳልለው፣ ማዶ ጎረቤት የለም። ምንም የለም!

«ኮዱ ያለ አንዲት ስህተት ኮምፓይል ሆነ፣ ወደ ቺፗ ቋንቋ ተገለበጠ። ቢሮው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ። ቺፗ ግን መሃይም ናት፣ ደብተር አታነብም። ሥራ የምትጀምረው ጫፉ ይኸ ነው ካሏት ከማሳው መጨረሻ ነው፤ ሞፈሯን ተሸክማ ሃያኛው ላይ ስትደርስ ለካ ማሳው ካለቀ ቆይቷል... ጣና ውስጥ ገባች። ጥቁር ስክሪን።

«ራም አለኝ በሰማይ፣ ባይቱንም አላይ...

«ታዲያ ይኸ የብየዳ ጥፋት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

ሦስተኛው ጠረጴዛ ጋ ወንበር ተንቋቋ። ጥዑመ ልሳን ዘወርም አላለ።

«ኧረ እኔ ማንንም አላልሁም! ስም ጠራሁ እንዴ? ዛሬ ጠዋት ሃያውን ወደ ስምንት መለስሁ፣ ‹ኮንስት›ን ጨመርሁ፣ በአንችው ቦርድ ላይ ጫንሁት። ‹የውኃ ተራዎ ደርሷል› ብሎ ቦግ! በዚያው በተወቀሰው ብየዳሽ። አታልቅሽ እንጂ... ኧረ ሳቂ!

«ለጋሽ ሀብተ ሥላሴ ነገርኋቸው። እሳቸው በወሬ አያምኑም፤ ‹የኮዱን መዝገብ ነገ ሦስት ሰዓት ሁላችንም ፊት በፕሮጀክተር ክፈትልኝ› አሉኝ። መዝገቡ መቼም ይሉኝታ አያውቅም፤ የትኛዋን መስመር ማን፣ በስንት ሰዓት እንደነካ ከነአባት ስሙ ያስቀምጣል። እኔ አላነበብሁትም። ምን አግብቶኝ?

«ብቻ አንዳንድ ሰው ስንት ለፍቶ ሳይታወቅለት ይቀራል ብዬ ስሰጋ ነበር። እንመርቀው እስቲ፤ አንቺም አሚን በይ። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ከእኛ ከደንቆሮዎቹ ለይቶ ወደሚገባው ቦታ ያድርሰው። ስሙንም ፈጣሪ በሕይወት መዝገብ ይጻፍለት... በእኛው መዝገብስ በገዛ እጁ ጽፎታል።»